ሲሮጡ የታጠቁት

«ሪቮልቨር አይነክስም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በስንት የቡና ጠረጴዛ ላይ እንደሰማኋት ቁጥሩን ትቼዋለሁ። ሌሊት ታክሲ የሚነዳው ይላታል። ነዳጅ ማደያ የሚያድረው ይላታል። የራሱን ሊከር ስቶር ከፍቶ ሁለት ጊዜ የተዘረፈውም ይላታል። ሲሏት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከምክር ይልቅ ኑዛዜ ትመስላለች። ጠያቂም የላት፣ ተከራካሪም የላት። እኔ ግን ዛሬ ልከራከራት ነው፤ ምክንያቱም ይህች ዓረፍተ ነገር አንዲት የማውቃትን ሴት ልታስገድላት ትችል ነበር።

ሴትየዋ የሌሊት ሺፍት ትሠራለች። ከመስታወት ጀርባ ሳይሆን ባዶ ባንኮኒ ላይ ቆማ ሲጋራና ሎተሪ የምትሸጥ ናት። የሥራ ባልደረባዋ ግንባሩ ላይ ሽጉጥ ከተደገነበት በኋላ እንቅልፍ አጣች። የመታጠቂያ ፈቃዱን በሕጉ መሠረት አወጣች። ከዚያ መካሪው በዛ። ከሁሉም የበለጠ የተሰሙት ግን አንድ የምናከብራቸው ጋሼ ነበሩ። «ልጄ፣ ለሴት ልጅ ሪቮልቨር ነው። ካዝና የለው፣ ማቀባበል የለው። ምላጩን መሳብ ብቻ ነው። ቦርሳሽ ውስጥ ክተችውና እርሺው» አሏት።

ገዛችው። አምስት ጥይት የሚጎርስ፣ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ አፈሙዙ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይረዝም። ሦስት ወር ቦርሳዋ ውስጥ ተኛ። እንደተመከረችውም ረሳችው።

በአራተኛው ወር አብረን ተኩስ መለማመጃ ሄድን። የሰው ቁመት ያህል ወረቀት አምስት ሜትር ላይ ተሰቀለ። አምስት ተኮሰች፤ ወረቀቱን ያገኙት ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ጠርዙን። ሽጉጡን አስቀምጣ መዳፏን እያሸች «ሁሌም እንዲህ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ልብ በሉ። ሽጉጡ አልነከሰም። አልከሸፈም። ጋሼ ቃል የገቡለትን ሁሉ ፈጽሟል። ግን ያ ወረቀት ሰው ቢሆን ኖሮ እህታችን አትኖርም ነበር።

* * *

ቋንቋችን በዚህ ነገር ላይ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ምላጭ ተስቦ፣ መምቻው ጥይቱን መትቶ፣ ጥይቱ እምቢ ካለ «ከሸፈ» እንላለን። ዛሬ ለፕሮጀክቱም ለድርድሩም የምንዘራው ቃል የጠመንጃ ቃል ነው። ጥይቱ ወይም ቀለሁ መሐል ላይ ተቀርቅሮ ብረቱ ወደፊትም ወደኋላም ካላለ ደግሞ «ነከሰ» ይባላል። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። የቡና ጠረጴዛው ክርክር የሚበላሸው ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚያቦካ ነው።

ጥይት ሲከሽፍ ሪቮልቨር በእርግጥ ጌታ ነው። ምላጩን እንደገና ብትስብ ከበሮው ዞሮ ሌላ ጥይት ያቀርብልሃል። የከሸፈው ሄደ፣ አለቀ። ባለ ካዝናው ግን የከሸፈውን ጥይት ራሱ አያወጣልህም፤ በእጅህ አቀባብለህ ልትጥለው ይገባል። እዚህ ላይ ጋሼ ትክክል ናቸው።

መንከስ ላይ ስንመጣ ባለ ካዝናው በርግጥ ይነክሳል። በእያንዳንዱ ተኩስ ቀለሁን መንቀል፣ መወርወር፣ አዲስ ጥይት ከካዝናው ገፍቶ ማጉረስ አለበት። ይህን የሚሠራው በተኩሱ ግፊትና በሞላ ነው። የካዝናው ከንፈር ከተጣመመ ይነክሳል። ሞላው ከደከመ ይነክሳል። ተኳሹ አንጓውን ካላጠነከረና ሽጉጡ በእጁ ውስጥ ከተወዛወዘ፣ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ጉዞውን ሳይጨርስ ይመለስና ይነክሳል። ይሄን ማንም አይክድም።

አሁን ማንም የማያወራው ይመጣል። ሪቮልቨርም ይቆለፋል። ክብደቱ ባነሰ ሪቮልቨር ላይ ኃይለኛ ጥይት ስትጎርሰው፣ እያንዳንዱ ተኩስ ሽጉጡን ወደ ኋላ ሲመነጭቀው ገና ያልተተኮሰው ጥይት እርሳስ ከቀለሁ ውስጥ ወደፊት ይንፏቀቃል። አፉ ከከበሮው ብቅ ሲል ከበሮው መዞር ያቆማል። የቀለህ ማውጫው ዘንግ በንዝረት ተፈትቶ ሲረዝም ከበሮው አይከፈትም። ከማውጫው ኮከብ ሥር ያልተቃጠለ የባሩድ ፍንጣሪ ሲገባ ከበሮው ይጠብቃል፣ ምላጩ ድንጋይ ይሆናል። የቦርሳ ብናኝ፣ የሂሳብ ወረቀት ፍርፋሪ፣ የማስቲካ ስኳር ሁሉ መግቢያ ቀዳዳ አያጣም።

የባለ ካዝናው በሽታ ጉንፋን ነው፤ ይደጋገማል፣ መድኃኒቱም በእጅህ ነው። የካዝናውን ቂጥ በመዳፍ መታ፣ የላዩን ብረት ሳብ፣ ለቀቅ። የለመደ እጅ በሁለት ሰከንድ ይጨርሰዋል። ሁለት ጥይት በአንድ ጉሮሮ ሲገባ ብቻ ሥራው ይረዝማል፤ ካዝናውን አውልቆ፣ አጽድቶ፣ መልሶ መጉረስ ይጠይቃል። የሪቮልቨር በሽታ ግን ስትሮክ ነው። እምብዛም አይመጣም፤ ከመጣ ግን የሚፈታው ጠረጴዛ ላይ በመዶሻና በመፍቻ ነው። ዘራፊው ፊትህ ቆሞ መፍቻ አትፈልግም። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ብዙ ጊዜ ይበላሻል?» ብቻ አይደለም። «የተበላሸውን የትኛውን ማዳን እችላለሁ?» የሚለው ነው ትልቁ።

* * *

ተረቱ ከመሬት አልበቀለም፤ ይህንንም ማመን አለብኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሳሙኤል ኮልት የከበሮ ሽጉጡን የፈጠራ መብት በአሜሪካ ካስመዘገበበት ከ1836 ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሪቮልቨር እውነተኛ ተፎካካሪ አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹ ባለ ካዝናዎች አመለኞች ነበሩ። ግን በ1911 የአሜሪካ ጦር ሁለት ባለ ካዝና ሽጉጦችን አፋልሞ ፈተነ። በጆን ብራውኒንግ ተነድፎ በኮልት ኩባንያ የቀረበው ሽጉጥ 6,000 ጥይት ተተኮሰበት። ሲግል ውሃ ውስጥ እየተነከረ እንደገና ይተኮስበት ነበር። አንድም ጊዜ አልነከሰም። የሳቬጅ ኩባንያ ያቀረበው ተፎካካሪው 37 ጊዜ ተቸገረ። ብራውኒንግ አሸነፈ፤ ጦሩም በዚያው ዓመት ታጠቀው።

ከመቶ ዓመት በፊት ማለት ነው። እኛ ግን ዛሬም «ባለ ካዝና አይታመንም» እያልን ነው።

ፖሊሶቹስ ለምን ዘገዩ? ከምክንያቶቹ አንዱ ጥይቱ ነበር። የድሮ ባለ ካዝናዎች የተሠሩት አፉ ድቡልቡል ለሆነ ወታደራዊ ጥይት ነው። ፖሊስ የሚፈልገውን አፉ የተቦረቦረ ጥይት ሲያጎርሷቸው ብዙዎቹ ያንቁ ነበር። ሪቮልቨር የጥይቱ አፍ ምን እንደሚመስል ግድ የለውም፤ ጥይቱ እዚያው ቀዳዳው ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ «አይነክስም» የሚለው አባባል በዚያ ዘመን፣ በዚያ ጥይት፣ የልምድ ቃል ነበር። ጋሼም የሰሙት ከዚያ ዘመን ሰዎች ነው። ዘመኑ ሄደ፣ አባባሉ ቀረ። ዛሬ ደህና ፋብሪካ የሚያወጣው ባለ ካዝና ያንኑ አፉ የተቦረቦረ ጥይት እንዲጎርስ ሆኖ የተሠራ ነው።

ከዚያ ማያሚ መጣ። ሚያዝያ 11 ቀን 1986፣ ስምንት የኤፍቢአይ ወኪሎች ሁለት የባንክ ዘራፊዎችን መንገድ ላይ ገጠሙ። ከስምንቱ አምስቱ የያዙት ሪቮልቨር ነበር። ሁለት ወኪሎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ፤ ዘራፊዎቹም ሞቱ። ከቆሰሉት ውስጥ እጁን የተመታ ወኪል ባዶ ሪቮልቨሩን መልሶ መሙላት ተቸገረ። ከበሮ መክፈት፣ ቀለህ ማራገፍ፣ ጥይት አንድ በአንድ መክተት፣ ይህን ሁሉ በደም በተነከረ እጅ። በሌላ በኩል ባለ ካዝና ይዞ የነበረ አንድ ወኪል ራሱ ሽጉጡ በጥይት ተመትቶ ከጥቅም ውጭ ሆነበት። ብረት ለማንም አያዳላም። ቢሆንም መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ቀን በኋላ ፊቱን ወደ ባለ ካዝናው አዞረ፤ የአገሪቱ ፖሊሶችም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ። የኒው ዮርክ ፖሊስ ባለ ካዝናን ለአባላቱ በ1993 ፈቀደ፤ የመጨረሻዎቹን ሪቮልቨሮች ደግሞ በ2018 አሰናበተ። በየቀኑ ታጥቀው የሚውሉ፣ ሲነክስባቸው የሚሞቱ ሰዎች ውሳኔ ነው ይሄ። ከቡና ጠረጴዛችን ይልቅ እነሱን አምናለሁ።

* * *

«ኧረ እኛ ኤፍቢአይ አይደለንም፤ ስንት ጥይት ነው የምንተኩሰው?» የሚለኝ አለ። ትክክል ነው። አብዛኛው የታጠቀ ሰው ዕድሜ ልኩን አንድም ጥይት ሰው ላይ አይተኩስም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የጥይት መብዛት ብቻውን መልካም ነው ብዬም አልሟገትም። የካቲት 4 ቀን 1999 ብሮንክስ ውስጥ አማዱ ዲያሎ የሚባል የ23 ዓመት የጊኒ ስደተኛ፣ እንደ እኛው ለፍቶ አዳሪ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቦርሳውን ከኪሱ ሲያወጣ አራት ፖሊሶች 41 ጥይት ተኮሱበት። 19ኙ አገኙት። ባለ ካዝናዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ የከሸፈው የሰዎቹ ማስተዋል ነው። አስተማማኝ ብረት በማይታመን እጅ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እኛ ጥቁር ስደተኞች ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባል።

ታዲያ ይህ ለሪቮልቨር ይመሰክራል? አይመሰክርም። የሚመሰክረው ስለ እጅና ስለ ጭንቅላት ነው። አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ስለ ልብስ ብቻ አይመስለኝም።

ለሪቮልቨር የሚገባውን ልስጠው። ከክሽፈቱ ሌላ በሦስት ቦታ ይበልጣል። አንደኛ፣ ከኮት ኪስ ወይም ከቦርሳ ውስጥ ሳይወጣ መተኮስ ካለበት፣ ባለ ካዝናው የላዩ ብረት በጨርቅ ተይዞ ሁለተኛውን ሊነክስ ይችላል፤ መዶሻው የተሸፈነ ሪቮልቨር ግን ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ትንቅንቅ ተፈጥሮ አፈሙዙ የሰው አካል ላይ ከተጫነ፣ የብዙዎቹ ባለ ካዝናዎች የላይ ብረት ጥቂት ወደ ኋላ ይገፋና ጨርሶ አይተኩሱም። ሪቮልቨር ይተኩሳል። ሦስተኛ፣ የጣት ጉልበቱ የደከመ፣ የላዩን ብረት ስቦ ማቀባበል በፍጹም የማይችል ሰው አለ። ለእሱ ሌላ ምርጫ ላይኖር ይችላል። ግን «የማይችል» እና «ያልተማረ» አንድ አይደሉም። ብረቱን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ከመሳብ ይልቅ በሙሉ መዳፍ አጥብቆ ይዞ በሌላው እጅ እጀታውን ወደፊት መግፋት ይቻላል። አልችልም የምትል ሴት ይህን ካሳየሃት በኋላ ብዙ ጊዜ ትችላለች።

አራተኛ ብለው የሚጨምሩት አለ፤ «ዓመት ሙሉ ብትረሳውም ይሠራል» የሚለው። ጠቤ ከዚህ ጋር ነው።

* * *

«እርሺው» የሚለው ቃል ነው መርዙ።

ትንሹን ሪቮልቨር ለጀማሪ የሚመክር ሰው ምን እየመከረ እንደሆነ አያውቅም። ከሽጉጥ ሁሉ ለመተኮስ ቀላል የሚመስለው፣ በደንብ ለመተኮስ ግን ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ሽጉጡ ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤ ምላጩ ግን ለመሳብ አምስት ኪሎ ያህል ጉልበት ይፈልጋል። ከራሱ ክብደት አሥር እጥፍ ማለት ነው። ጣት ያን ያህል ሲጎትት አፈሙዙ ይዞራል፣ ይደፋል። የእህታችን ጥይት ወረቀቱን የሳተው በዚህ ነው። በዚያ ላይ ቀላል ብረት ሁሉንም ግፊት ለመዳፍ ይሰጣል፤ መዳፍ ያማል፤ ያመመው ሰው ልምምድ ይጠላል፤ ልምምድ የጠላ ሰው ደግሞ «አይነክስም» በሚለው ተረት ይጽናናል። ክቡ እንዲህ ይገጥማል። ትንሹ ሪቮልቨር የሊቅ መሣሪያ ነው፤ እኛ ግን ለተማሪ እንሰጠዋለን። እሱንም «ለሴት» እያልን።

የመሣሪያ ሻጩም ከዚህ ያተርፋል። «ቀላል ነው፣ ምንም መማር የለብሽም» ብሎ የሸጠው ሰው ተመልሰሽ ትምህርት ፈልገሽ አትመጪበትም፣ ሽጉጡንም አትመልሺበትም። ሳጥን ውስጥ ስለሚተኛ ሽጉጥ ማን አቤቱታ ሰምቶ ያውቃል?

እንዳትሉኝ ደግሞ፣ ባለ ካዝናም ይዞ የሚረሳ አለ። አለ እንጂ! አንዱ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ባለ ካዝና ታጥቄ ስዞር ማታ ማታ ጥይቱን ከጉሮሮው አውጥቼ ጠዋት ያንኑ ጥይት መልሼ አቀባብል ነበር። ጥንቃቄ መስሎኝ። ያው አንድ ጥይት በየቀኑ ግንባሩን እየተመታ እርሳሱ ወደ ቀለሁ ውስጥ ሰምጦ አጥሯል። እንዲህ የሰመጠ ጥይት ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ በላይ ሊያይል፣ ሽጉጡንም ሊሰነጥቅ እንደሚችል የነገረኝ የመለማመጃው አሠልጣኝ ነው፤ መዳፉ ላይ ከአዲስ ጥይት ጎን አቁሞ አሳየኝ። በአዲስ ጥይት ስጀምር ደግሞ በሁለተኛው ተኩስ ነከሰብኝ። ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ቆሜ አየሁት። ስልኩ እንደጠፋበት ሰው አገላብጬ አየሁት። አሠልጣኙ በልቡ እየቆጠረ ነበር። «ስድስት ሰከንድ» አለኝ። «ሞተሃል።»

ስለዚህ የምከራከረው ለባለ ካዝናው ቢሆንም፣ የትኛውም ብረት ከባለቤቱ የበለጠ አይታመንም። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ባለ ካዝናው አለመዘጋጀትህን መለማመጃው ላይ ይነግርሃል። ይነክሳል፣ ያሳፍርሃል፣ ትማራለህ። ትንሹ ሪቮልቨር ዝም ይላል። ምላጩ ይሳባል፣ ይጮኻል፣ አንተም የምትችል ይመስልሃል። አለመቻልህን የምታውቀው መታወቅ በሌለበት ሌሊት ነው።

* * *

ለሚጠይቀኝ የምመክረው አጭር ነው። የላዩን ብረት ማቀባበል ከቻልክ፣ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ ባለ ካዝና ያዝ። በጣም ትንሹን አትፈልግ፤ ብረት ሲያንስ ለጊዜው ይመቻል፣ ሲተኮስ ግን አመሉ ይከፋል። በምትታጠቀው ጥይት ቢያንስ ሁለት መቶ ተኩስበት፤ ከነከሰ ካዝናውን ቀይር፣ ጥይቱን ቀይር፣ እንደገና ፈትን። በወር አንድ ቀን ሂድ። ሆን ብለህ ባዶ ቀለህ ካዝናው ውስጥ ቀላቅለህ ሲነክስ ማላቀቅን ተማር። ኪስ ውስጥ ሳይሆን ምላጩን በሚሸፍን ጠንካራ አፎት ያዘው። አንዱን ጥይት አሥር ጊዜ አታቀባብል።

ሪቮልቨር ከመረጥክም መብትህ ነው፤ ግን ከበድ ያለውን ምረጥ፣ ያንኑ ያህል ተኩስ፣ በወር አንዴ ከፍተህ ከኮከቡ ሥር በብሩሽ ጥረግ፣ ዘንጉን አጥብቅ።

ይህን ሁሉ ጊዜ የለኝም ካልክ? በሳምንት ሰባ ሰዓት የሚሠራ ሰው ጊዜ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ራሴ ሠርቼዋለሁ። እንግዲያው አትታጠቅ። ስድብ አይደለም። ካዝና መክፈቻውን ስጥ፣ ገንዘቡ ይሂድ፣ ነፍስህ ትቅር። ያልተለማመደ ሽጉጥ ለዘራፊው ሁለተኛ መሣሪያ፣ ቤት ላለ ልጅ ደግሞ መጫወቻ ነው።

እህታችን ትንሿን ሪቮልቨር ሸጠቻት። መካከለኛ ባለ ካዝና ገዝታ አምስት ወር እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተለማመደች። አሁን ሲነክስባት ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል ታላቅቀዋለች፤ እኔ እስካሁን ቁልቁል አያለሁ። ለባለ ሱቁ ደግሞ «መስታወት ካላስገባህ ሌሊት አልሠራም» አለችው። መስታወቱ ገባ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚጠብቃት ስጠይቃት ሳታመነታ «መስታወቱ» አለችኝ።

ጋሼን ባለፈው ቡና ላይ አገኘኋቸውና ይህንኑ ነገርኳቸው። ተቆጡ። «አርባ ዓመት ይዤ ዞሬያለሁ፣ አንድ ቀን አልነከሰኝም» አሉ። ስንት ጊዜ እንደተኮሱበት ጠየቅኋቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ፤ ለረጅም ጊዜ አሰቡ።

«የገዛሁ ለት» አሉ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቁጭ ብለው እንኳ ያልታጠቁትስ?